የማያሳክክ ቋቁቻ

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እሄዳለሁ። የሀረጎን ዳገት ስንጨርስ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ደሴ ስገባ ብርዱ ይቀበለኛል፣ እህቴ ቤት ስደርስ ቡናው ተቆልቷል። ለዓመታት እንዲሁ ነው። ያን ቅዳሜም እንዲሁ ነበር።

አቦሉ ሊቀዳ ሲል የእህቴ ልጅ ፈንድሻ ሊዘግን ተንጠራራና ክንዱ ጀበናው ላይ አረፈ። ገና ከከሰል የወረደ ጀበና ነው። እኔ ጮህኩ። እሱ ፈንድሻውን ዘገነ፣ አፉ ውስጥ ሞጀረ፣ ከዚያ ዞር ብሎ "ምን ሆንሽ አክስቴ?" አለኝ። ከክርኑ ዝቅ ብሎ ቆዳው ተልጧል። እናቱ ሳቀች። "ይሄ ልጅ እኮ ጀግና ነው፣ ቢቃጠልም ቢቆረጥም አያለቅስም" አለች። ኮርታበታለች።

ሆ ብዬ ቡናዬን ልጠጣ ነበር። ግን የተላጠው ቦታ ዙሪያው ከሌላው ቆዳው ፈዘዝ ያለ፣ የስኒ አፍ የሚያክል ክብ ነው። አወቅሁት። ቋቁቻው ነው። ማለቴ፣ ቋቁቻ ነው እያልን የከረምንበት ነገር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ልጁ ይሄ ነገር ከወጣበት ዓመት አልፎታል። አንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ወስደውት ሁለቴም ቅባት ታዘዘለት። ሦስተኛውን ማንም አላዘዘም። ክሎትሪማዞል ከመደርደሪያ አንስቼ፣ "ጠዋት ማታ ቀቢው" ብዬ፣ በሚኒባስ የላክሁት እኔ ነኝ። ክሊኒኩም እኔም ልጁን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅነውም። ያሳክክሃል ወይ?

ያን ቀን ጠየቅሁት። "አያሳክከኝም" አለ። ከቦርሳዬ ጥጥ አውጥቼ ጫፉን አሾልኩና "ዓይንህን ጨፍን፣ የነካሁህን ቦታ በጣትህ አሳየኝ" አልኩት። ጨዋታ መሰለው። ግንባሩን ነካሁት፣ አሳየኝ። መዳፉን ነካሁት፣ አሳየኝ። አንገቱን ስነካው ኮረኮረውና ሳቀ። ከዚያ ጥጡን ፈዛዛው ክብ ላይ አሳረፍኩት። ዝም። ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ዝም። ዓይኑን እንደጨፈነ ጠበቀ፣ ጠበቀና "ጀምሪ እንጂ!" አለኝ።

ኮሌጅ ስማር ስለ ሥጋ ደዌ የተማርኩት አንድ ገጽ ተኩል ነው። መምህሩም "ይሄ አሁን ብዙም የለም፣ ለፈተና ያህል እወቁት" ብሎ አለፈው። ከዚያ ገጽ የቀረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፣ ስሜት የሌለው ፈዛዛ ቆዳ ሌላ ነገር እስኪባል ድረስ ሥጋ ደዌ ነው የምትል። እሷም የመጣችልኝ ጀበናው ካቃጠለው በኋላ ነው።

ታሪክ የሚወድ ሰው ቦሩ ሜዳ ሲባል አፄ ዮሐንስና ምኒልክ የተገናኙበት የ1870ው ጉባኤ ይመጣበት ይሆናል። የደሴ እናት ግን ቦሩ ሜዳ ስትባል ሌላ ነገር ነው የሚመጣባት። እዚያ ያለው ሆስፒታል ዛሬ ስንቱን ነገር ያክማል፣ ስሙ ግን ከሥጋ ደዌ ጋር እንደተጣበቀ ቀርቷል። "ሰኞ ቦሩ ሜዳ ውሰጂው" ስላት እህቴ ሲኒውን አስቀመጠች። ቀስ ብላ በሩን ዘጋች። ከዚያ ነው "አንቺ፣ ምን ማለትሽ ነው?" ያለችኝ፣ በሹክሹክታ። አከራይዋ እንዳትሰማ።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ አብሬ ሄድኩ። ያየው ባለሙያ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፣ አይቸኩልም። ልጁን መስኮት አጠገብ፣ የቀን ብርሃን ላይ አቆመው። ልብሱን አስወልቆ ከፊቱ እስከ እግሩ ተመለከተው። እኛ አንድ ያልነው ሦስት ሆኖ ተገኘ፣ ሁለቱ ጀርባው ላይ ናቸው፣ ለካ ራሱ አያያቸውም፣ እኛም አላየናቸውም። ክርኑን በጣቱ እየዳበሰ ከአጥንቱ ኋላ ያለውን ነርቭ ፈለገ። "ንኪው" አለኝ። እንደ ወፍራም የጫማ ገመድ ከጣቴ ስር ተንሸራተተ። ግራ ክርኑን ስነካው ደግሞ ቀጭን ነው። በመጨረሻ ከማስታወሻ ደብተሩ ወረቀት ቀደደና በትንሿና በቀለበት ጣቱ መካከል አስገባለት። "አጥብቀህ ያዝ፣ እንዳትለቅ።" ሳብ ሲያደርገው ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ልጁ ጣቱን አየ። ከዚያ እናቱን አየ።

ቀጥሎ ባለሙያው የጠየቀው ስለ ልጁ አልነበረም። "ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? ከማን ጋር ነው የሚተኛው?"

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚች ጥያቄ ስል ነው።

ትልቅ ሰው ሥጋ ደዌ ሲይዘው መቼ እንደተላለፈበት ማወቅ ይቸግራል። ባክቴሪያው ዘገምተኛ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲራቡ እሱ አንድ ጊዜ ለመራባት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ጭነት ያለው ተሳቢ ሀረጎን ሲወጣ አስቡት። ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት ይወስዳል፣ 20 ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የ50 ዓመት ሰው የዛሬ 20 ዓመት ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ልጅ ግን ወደኋላ የሚቆጠር ብዙ ዓመት የለውም። የ11 ዓመት ልጅ ላይ ከታየ የተላለፈበት በቅርቡ ነው፣ ያስተላለፈበት ሰውም ምናልባት አሁንም ሳይታከም እዚያው ቤት ወይ እዚያው ሰፈር ተቀምጧል።

የልጆቹ በሽታ ራሱም ይሄንኑ ነው የሚናገረው። ከ5 ዓመት በታች በጣም ጥቂት ነው፣ አብዛኛው የሚገኘው ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ነው፣ ምክንያቱም ያ ዘገምተኛ ነገር ጊዜውን መጨረስ አለበት። ብዙ ጊዜ በቁጥር አነስ ያሉ ንጣፎች ናቸው፣ ክንድ፣ ፊት፣ እግር ላይ። በብዙ ቦታ ወንዶች ልጆች ይበዛሉ ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ላይ የኔ ጥርጣሬ አለ። ወንዱ ልጅ ቁምጣ ለብሶ ሲሮጥ ሰው ያየዋል፣ ሴቷ ልጅ ከቀሚሷ ስር ምን እንዳለ ማን አየ? ሌላው ችግር ምርመራው ነው። ትንሽ ልጅ ተነካሁ አልተነካሁም ብሎ በትክክል አይነግርህም፣ ሊያስደስትህ ሲል ይገምታል። ፊት ላይ የወጣ ደግሞ ስሜቱ ላይጠፋ ይችላል፣ ፊት ነርቭ የበዛበት ቦታ ነውና። ስለዚህ በቋቁቻ፣ በጭርት፣ በለምጽ ስም ቅባት ሲቀቡ ይከርማሉ።

ቁጥር የምትወዱ ካላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ182,000 በላይ አዲስ ታማሚዎችን መዝግቧል፣ ከነዚህ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት ልጆች ናቸው። ሕንድ፣ ብራዚልና ኢንዶኔዥያ ብዙውን ይይዛሉ። እኛም ድርጅቱ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው 23 አገሮች ውስጥ ነን፣ የልጆች ድርሻም እኛ ጋር ከዓለም አማካይ ከፍ ይላል። "ጠፍቷል" የሚባለው ወሬ ታዲያ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም ከ10,000 ሰው ከ1 በታች ታማሚ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ አብቅቷል ተባለ። ኢትዮጵያም እዚያው ገደማ ደርሳለች። ከ1 በታች ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። እኛ ግን ዜሮ ብለን ሰማነው፣ የኔ መምህርም ለፈተና ብቻ ብሎ አለፈው።

ልብ በሉ፣ አሁን መተላለፉ መቆሙን የሚለኩት በልጆች ነው። አንድ አገር 5 ዓመት ተከታትሎ እዚያው አገር የያዘው አንድም አዲስ ልጅ ካልተገኘ ነው መተላለፉ ቆሟል የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዮርዳኖስ ሥጋ ደዌን በማጥፋት በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች፣ ስለዚህ የማይሆን ነገር አይደለም። ነገሩ ከልጆች ጋር ሲያያዝም አዲስ አይደለም። በሽታ አምጪውን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም ሀንሰን ነው፣ አዲስ አበባ አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ስሙን የወሰደው ከሱ ነው። ተቋሙን እ.ኤ.አ. በ1970 ያቋቋሙት ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከማን ጋር ነው የሚተኛው?

እህቴ መልሱን ከመናገሯ በፊት እኔ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ የባሏ ቤተሰብ ደሴ መጣ። ዘጠኝ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ። ፍራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፎ፣ መስኮቱ በብርዱ ምክንያት ተዘግቶ። ልጁ ያኔ 7 ዓመቱ ነው። በአንድ ጎን እሱ፣ በሌላው የአጎቱ ልጅ፣ መሀል እማማ፣ የባሏ እናት። በጥቅምት ደሴም ስትያዝ የሚሄዱበት አጥተው እዚያው ከረሙ። ሌሎቹ ነገሩ ሲረጋጋ ተመለሱ። እማማ ቀሩ። ልጁ እስካሁን ከሳቸው ጋር ነው የሚተኛው፣ ተረት ሳይነግሩት አይተኛም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው ቡና ስጠጣ ኖሬ የቅንድባቸው ጫፍ መርገፉን አላየሁም። አይቼዋለሁ እንጂ፣ እርጅና ነው ብዬዋለሁ። የጆሯቸው የታችኛው ጫፍ ወፍሯል። ለዉዱእ እግራቸውን ሲታጠቡ ተረከዛቸው ላይ የማይድን ቁስል ነበር፣ ውሃውም አንዳንዴ ለኔ እጅ ከሚቻለው በላይ ይሞቅ ነበር፣ እሳቸው ዝም ብለው ያፈሱታል። ይሄን ሁሉ ለየብቻው አውቀዋለሁ። አንድ ላይ አድርጌ አስቤው ግን አላውቅም።

የሳቸው ውጤት ሲነገራቸው ብዙ አላወሩም። ቤት ስንገባ ግን ከልጁ ፈቀቅ ብለው፣ በር አጠገብ፣ መደብ ላይ ተቀመጡ። ምሳ ሲቀርብ "ለኔ ለብቻ አድርጊልኝ" አሉ። ያቺን ተረት ታውቋታላችሁ፣ ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል የምትለዋን። እኔ ራሴ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንቴ ብያታለሁ፣ አንድ ሰው ገደቡን ሲያልፍ። ከመሶብ የሚያርቅ ተረት ነው። ከእማማ ፊት ተቀምጬ ትዝ ስትለኝ አፈርኩ። ተረቱ ስድብ ከመሆኑም ሌላ ውሸት ነው፣ ሥጋ ደዌ በመብላትና በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ካልታከመ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ አንድ ትንፋሽ ሲተነፍሱ ነው፣ እንደዚያ ክፍል። ያኔም ቢሆን ከ100 ሰው 95ቱ ገደማ ሰውነቱ ይቋቋመዋል። መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ወዲያው ማስተላለፋቸውን ያቆማሉ።

ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ "እኔ ነኝ ያስያዝኩት?" አሉ።

ምን ይባላል? አይደሉም ብል ውሸት ነው። "እማማ፣ አንቱንም የሆነ ሰው ነው ያስያዘዎት፣ ያንንም ሌላ ሰው" አልኩ። ዘር ነው ብለው ያምኑ ነበር ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ የእናታቸው ወንድም እንደዚሁ ነበሩ አሉ፣ በዚያ ምክንያት አክስታቸው ሳያገቡ ቀሩ አሉ። ለዚህ ነው ቁስላቸውን ካልሲ ውስጥ የደበቁት። የልጅ ልጆቻቸውን ጋብቻ እንዳያበላሹ።

እህቴ ብድግ ብላ የሳቸውን እንጀራ ትሪው ላይ ገለበጠችው። "ይብሉ እንግዲህ" አለች፣ ቁጣ በሚመስል ድምፅ። በሉ።

መድኃኒቱ ነፃ ነው። ቤት ሸጬ ላሳክም የሚባልበት በሽታ አይደለም። ለ28 ቀን የሚሆን አንድ ቅጠል ይሰጣል፣ የወሩ የመጀመሪያ መጠን ባለሙያው ፊት ይዋጣል፣ ቀሪው ቤት። ለልጅ የተዘጋጀው ለብቻው ነው። እሱ 6 ወር፣ እማማ 12 ወር። ነርቩ ስላበጠ ለሱ ሌላ ክኒን ተጨመረለት፣ ፊቱ ትንሽ ድቡልቡል አለ፣ እህቶቹ "ዳቦ" አሉት። በመጀመሪያው ቀን ሽንቱ ቀይ ሆኖ ሲያየው ሮጦ ወጣ፣ "ደም ሸናሁ!" ብሎ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ እንዲያ ያደርጋል፣ ቀድሜ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ እረስቻለሁ። አሁን ወር በደረሰ ቁጥር ሚሪንዳ ሸናሁ እያለ ይስቃል። እማማ ደግሞ ቆዳቸው ጠቆር አለ፣ ከመድኃኒቱ ነው፣ ሲጨርሱ ቀስ በቀስ ይለቃል። ጎረቤት "ፀሐይ ነው ወይ?" ሲላቸው "ወልድያ ከርሜ" ይላሉ።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ እህቴ ለማንም አልተናገረችም። መናገርም የለባትም ብዬ ነው የማስበው። ልጁ በበሽታው ምክንያት ከክፍል መቅረት የለበትም፣ ማንንም አያስይዝም። ግን አንድ ቀን ከኳስ ሲመለስ፣ "ቆማጣ ማለት ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠየቃት። አንዱ ልጅ ኳስ የሳተውን ሌላ ልጅ ነው እንደዚያ ያለው፣ እሱን አይደለም። ስለ እሱ ማንም አያውቅም። እህቴ "ስድብ ነው፣ አንተ እንዳትል" አለችው። ዝም አለ። ቀጥሎ ምን እንዳሰበ አላውቅም። ትንሿን ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ ሲያሽ ግን አየሁት፣ ባለሙያው ያሳየውን እንቅስቃሴ ነው። በየቀኑ ያደርገዋል። በአራተኛው ወር ወረቀቷን ያዘ። ብዙ አይደለም፣ ግን ስስብበት አልለቅም አለኝ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ታይተዋል፣ ልብስ እያወለቁ፣ ብርሃን ላይ። እኔም ታየሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከታማሚ ጋር ለኖሩ ጤነኞች፣ ከ2 ዓመት በላይ ላሉ ልጆችም ጭምር፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን ይመክራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመያዝ ዕድልን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ሕፃናት ሲወለዱ የሚከተቡት የቲቢ ክትባትም በተወሰነ ደረጃ ይረዳል።

በፋርማሲው ነገር አንድ ለውጥ አድርጌያለሁ። ለልጅ የቋቁቻ ቅባት ሊገዛ የመጣ ሰው አሁን ይሰለቸኛል ብዬ ነው የምፈራው። ያሳክከዋል? ስንት ጊዜው ነው? ሲነካው ይታወቀዋል? ልጁ አብሮ ካለ ጥጡን አነሳለሁ። እስካሁን ያየኋቸው ሁሉ እውነተኛ ቋቁቻና ጭርት ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። አንዲት እናት "ቅባቱን ትሰጪኛለሽ ወይስ አትሰጪኝም?" ብላኛለች። ልክ ናት።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ቆየ። ዘጠኝ ሰው ነበር ያን ክፍል። ቤት ያሉትን አየናቸው፣ የተመለሱትስ? በእማማ ሌላኛው ጎን ስትተኛ የነበረችው የአጎቱ ልጅ አሁን 10 ዓመቷ ነው፣ ከወልድያ ወጣ ብሎ ገጠር ናት። እህቴ ደውላ መናገር ፈራች፣ ወሬ ይሆናል ብላ። ባለፈው ሐሙስ እኔ ደወልኩ። ሰላምታው እንደ ወሎ ሰላምታ ነው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ። ከዚያ "ልጅቷስ?" አልኳት እናቷን።

"ደህና ናት፣ ሦስተኛ ወጣች። እዚህ ጉንጯ ላይ ቋቁቻ ቢጤ ወጥቶባት ነው እንጂ፣ ቅባት ይዘንላታል።"

ጉንጭ ላይ የሚወጣ ነገር አብዛኛው ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። "ያሳክካታል?" አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ልጅቷን ስትጠራት ሰማሁ።

እሑድ ይመጣሉ።